የማክሰኞ ጉበት

በተራራው ሆድ ውስጥ ለምትኖሩ ድንክዬዎች ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ጢም ያበቀለውም ገና ያላበቀለውም ይታወቅ፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ሥጋ ቤቱ ተከፍቷል፣ ጉበትም አለ።

አዋጁን ያወጀው የሥጋ ቤቱ ባለቤት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጢሙን ለሁለት ጎንጉኖ ወደ ሽርጡ ይከትና ደጁ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጦርነት መጀመሩን የሚያበስር ይመስል፣ ምን እንዳለና ምን እንዳለቀ ይናገራል። ሰው ሁሉ “ሚዛኑ” ይለዋል። ሥጋ ሲቆርጥ ሚዛን ነክቶ አያውቅም፤ ዓይኑ ይበቃዋል ይባላል።

“ጉበት አለ!” ብሎ ሲደግም ሰልፉ ጭጭ አለ።

ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ የምስራች ነው። እዚህ ግን ላለፉት ሁለት ዓመታት የማክሰኞ ጉበት ሥጋ ቤቱ ሳይከፈት ያልቅ ነበር። ለማን እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ደግሞ ያላወቀ ይመስላል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ጉበቱ አላልቅ ብሏል።

“ዛሬም አለ?” አሉ እማማ ጎድን፣ አንዲት ጥርስ ብቻ ቀርታቸው ሳምንት በሳምንት ጎድን የሚገዙት አሮጊት። “እኔን! ምስኪን ልጅ።”

“ምን አሉኝ?” አለ ሚዛኑ።

“ጎድን ስጠኝ ነው ያልኩህ።”

ምስኪኗ ልጅ ከቆዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። ምላጭ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ለቢላዋ ይሁን ለምላሷ ሳይናገሩ ሞቱ።

ሥጋ ቤቱ ከአለት የተፈለፈለ አንድ ክፍል ሲሆን መሃሉን የበሬ ቆዳ መጋረጃ ይከፍለዋል። ከመጋረጃው ፊት አንድ የመቁረጫ ግንድ አለ፤ ከጀርባውም ሌላ ግንድ አለ። ገዢ መጥቶ “ለስድስት ሰው የሚሆን ሽንጥ” ሲል አባቷ “እሺ!” ይልና ትልቁን ቢላ አንስቶ የፊተኛውን ግንድ ጧ! ጧ! ያደርገዋል። ግንዱ ባዶ ነው፤ ባዶነቱን የድንጋዩ ባንኮኒ ይሸፍነዋል። በዚያው ቅጽበት ምላጭ ከጀርባ እውነተኛውን ሽንጥ ትቆርጥና በመጋረጃው ስንጥቅ በኩል ታስይዘዋለች። አባቷም “ይኸው!” ይላል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ቢመዝነው ልክ ነው። “አይ የሚዛኑ ዓይን!” ይባላል።

የሚዛኑ ዓይን ካየ ሦስት ዓመት አልፎታል። የገዛ ጣቶቹን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ እንኳ አይቆጥራቸውም።

ይህ ሁሉ የመጣው በደንቡ ነው። በተራራው ደንብ፣ ዓይኑ የከዳው ሥጋ ቆራጭ ቢላውን ለሸንጎው ይመልሳል። ቤቱ ቢላውን ማትረፍ የሚችለው ወንድ ልጅ ወይም አማች ካለው ብቻ ነው። ሚዛኑ ወንድ ልጅ የለውም። ስለዚህ አማች ተፈለገ፤ ተገኘም። የወናፍ አለቃው ልጅ ነው፤ ፊቱ ክብ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ደም ሲያይ የሚያዞረው። ይህም እንቅፋት አልሆነም። ልጁ ከፊት ቆሞ ባዶውን ግንድ ይደበድባል፣ ምላጭ ከጀርባ ትቆርጣለች። መጋረጃው እንዳለ ይቀጥላል፤ ከፊቱ የሚቆመው ጢም ብቻ ይቀየራል።

የልጁ ወገን እንግዶች የሚመጡት ዛሬ፣ ፋኖስ ሲቀየር ነበር። ተራራ ውስጥ ፀሐይ የለችም፤ እኩለ ቀን የሚሆነው ፋኖስ ቀያሪው መሰላሉን ተሸክሞ ዞሮ የጠዋቱን ፋኖሶች በከሰዓቶቹ ሲቀይር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጉበቱ።

ከብት የሚመጣው ከውጭ ነው። በሬዎቹ በትልቁ በር ይገባሉ፤ የሚነዷቸው ረጃጅሞች ግን አይገቡም። ርክክቡ የሚካሄደው ግንቡ ላይ ባለች አንዲት መስኮት በኩል ነው። መስኮቷ የተሠራችው በድንክዬ ቁመት ስለሆነ፣ ውጭ የቆመ ረጅም ሰው ከውስጥ ሲታይ ቀበቶው ብቻ ነው የሚታየው። ምላጭ ከልጅነቷ ጀምሮ ከቀበቶ ጋር ስትነጋገር ነው ያደገችው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አንድ አዲስ ነጂ መጣና ተንበረከከ። አቧራ የነካው ፊቱን በመስኮቷ ብቅ አድርጎ፣

“እንደምን አደርሽ?” አላት።

ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጉበት ማለቅ ጀመረ።

በየበሬው ቀንድ ላይ ወረቀት ይታሰራል፤ ዕድሜው፣ የበላው፣ ጠባዩ ይጻፍበታል። ወረቀቱን በሰልፈኛው ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ የቤቱ ወግ ነው። አባቷ ሁልጊዜ “መነጽሬን ረስቻለሁ” ስለሚል — መነጽር ኖሮት አያውቅም — ከመጋረጃው ጀርባ የምታነበው ምላጭ ናት። ነጂው ስለ በሬው የሚጽፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዚያ በታች የሚጽፈው በሬን አይመለከትም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ምላጭ ጉበቱን ጠቅልላ መስኮቷን ስትከፍት ያየችው ቀበቶ ነበር። ጠበቀች። ቀበቶው አልወረደም።

“በሬው ይኸው” አለ ቀበቶው።

“እኔ ከቀበቶ ጋር መነጋገር ትቻለሁ” አለችና መስኮቷን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። በሳምንቱም ቀበቶ። በሦስተኛውም ሳምንት ቀበቶ፤ ያውም አንድ ቃል የማይተነፍስ ቀበቶ። ወረቀቶቹም ከበሬው ዕድሜ አላለፉም። ዛሬ ርክክቡን ለእናቷ ትታ መስኮቷ ጋ ዝር አላለችም።

“ምላጭ፣ እስቲ የበሬውን ወረቀት አንብቢልን” አለ አባቷ ከፊት። “መነጽሬን ረስቻለሁ።”

ፈታችው። እስከ ታች ድረስ ተጽፎበታል።

“በሬው አምስት ዓመቱ ነው” አለች ጮክ ብላ። ይህ እውነት ነበር።

«ጉልበቴን በሬ ረግጦኝ ነው» ይላል ቀጥሎ። «መንበርከክ አልቻልኩም። ልነግርሽ አፌን ስከፍት መስኮቷን ዘጋሽብኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ኮራሁ።»

“እ… ሣር ነው የበላው” አለች ምላጭ።

“ጠባዩስ?” አሉ እማማ ጎድን።

“ግትር ነው። የሚያመውን አይናገርም።”

“ወይ ጉድ! በሬ ምን ብሎ ይናገር?”

«ከዛሬ ወዲያ በሌላ መንገድ እንድነዳ ታዝዣለሁ። እምቢ ማለት እችላለሁ፤ እምቢ በል ካልሽኝ። ፋኖስ እስኪቀየር ከመስኮቷ ሥር አለሁ። ሰዎች የእናንተ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፣ አትችለውም ይሉኛል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተንበርክኬ ሳወራሽ ዝቅታው አልታወቀኝም።»

“በቃ? ሌላ የለውም?” አለ አባቷ።

“የለውም።”

“ድምፅሽ ምን ሆነ?”

“ጨው ዓይኔ ገባ።”

ለሦስት ሳምንት የተቆጣችው በአንድ የታመመ ጉልበት ላይ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

*

“ይህን ደም በደም የሆነ ሽርጥ ለብሰሽ ነው እንግዳ የምትቀበዪው?” ብላ እናቷ ከላይዋ ላይ ፈትታ ወሰደችው። እናቷ የሥጋ ቤቱን ጨጓራ የምታጥብ ሴት ናት፤ እጇ ከውኃ፣ ጆሮዋም ከወሬ ርቆ አያውቅም። ምላጭ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ትዝ ያላት እናቷ ከወጣች በኋላ ነው።

እናቷ ቆይታ ቆይታ ንጹሕ ሽርጥ ይዛ ተመለሰች። ወረቀቱንም ዘረጋችላት።

“ኪስሽ ውስጥ ነበር። እንዳይረጥብ ብዬ ነው።”

“አነበብሽው?”

“የበሬ ወረቀት ምኑ ይነበባል?” ፊቷ ላይ፣ ታጥቦ እንዳለቀ ጨጓራ፣ ምንም አልነበረም። ወረቀቱ ግን ምላጭ ካጠፈችው በሌላ በኩል ታጥፏል።

ግንዱ ላይ የበሬ ታፋ ተዘርግቶ ነበር። በተራራው ልጅ የሚዳረው በእኩሌታ ነው። የልጅቷ አባት አንድ ሙሉ ታፋ ያለ ሚዛን በዓይኑ ለሁለት ይከፍላል፤ እንግዶቹ ይዘውት በመጡት ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል። እኩል ከሆነ ሁለቱ ቤቶች ተስማሙ። ካዘነበለ እንግዶቹ ቆባቸውን አድርገው ውልቅ ይላሉ፤ የቆራጩም ስም አብሮ ይወድቃል። እንግዲህ ምላጭ ዛሬ እንደ ወትሮዋ ከመጋረጃው ጀርባ ትቆርጣለች ማለት ነው። የራሷን መዳር።

“እማዬ፣ ይህን አልቆርጥም።”

“ምን አልሽ?”

“ሦስት ዓመት የታዘዝኩትን ሁሉ ቆርጫለሁ። ራሴን ግን ቆርጬ አልሰጥም።”

“ቀስ በይ! ሰው ይሰማል።”

“ይስማ!”

“አንቺ ካልቆረጥሽ ማን ይቁረጠው? አባትሽ? ጣቱን ነው የሚቆርጠው። አዛንፈሽ ብትቆርጪው ደግሞ ሸንጎው ነገ መጥቶ ቢላውን ያወርደዋል። ታዲያ ምንድነው የምትፈልጊው?”

“ሁለቱንም።”

“የምን ሁለቱንም?”

“ቢላውንም፣ እሱንም።”

እናቷ ‘እሱ ማነው?’ ብላ አልጠየቀችም። የሽርጧን ማሰሪያ ከኋላ ትንፋሿ እስኪያጥር ድረስ አጥብቃ አሰረችላትና፣ ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ምላጭ ከዚህ በፊት በዚያ እጅ ተቀጥታም ተመክራም ታውቃለች፤ ዛሬ ግን የሚገፋት ይሁን የሚይዛት መለየት አቃታት።

*

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ ልጁና አክስቱ። አክስቱ ሚዛናቸውን በሣጥን አሽገው ይዘው፣ ወንድማቸው እንደሚነፋው ወናፍ ቁና ቁና እየተነፈሱ ገቡ። ልጁ ሰላምታ ሰጠና ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ፤ ግድግዳ ላይ ደም የለም። ሰልፈኛው ሥጋውን ከተቀበለ ቆይቷል። ወደ ቤቱ ግን የሄደ የለም። እማማ ጎድን ጎድናቸውን ታቅፈው በሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ፋኖስ ቀያሪው እንኳ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሟል።

“ጋሼ፣ የመጣነው ዓይንዎን ለማየት ነው” አሉ አክስትየዋ።

“ሁሉም የሚመጣው ለዚያ ነው” አለ ሚዛኑ።

ትልቁን ቢላ አነሳ። ጧ! ባዶው ግንድ ጮኸ። ጧ! እጁን ወደ መጋረጃው ስንጥቅ ላከ።

ምላጭ የአባቷን እጅ አየችው። መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ አውራ ጣቱ ላይ ልጅ ሳለች ቢላ አያያዝ ሲያስተምራት የተቆረጠው ጠባሳ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እጅ አንድም ቀን ባዶውን መልሳው አታውቅም። ከዚያ ቢላዋን ታፋው አጠገብ አስቀመጠችና ወረቀቱን አስያዘችው።

“አባዬ፣” አለች፤ አላንሾካሾከችም፤ “ዛሬ የምሰጥህ ይኸው ነው።”

“ከጀርባ ማን አለ?” አሉ አክስትየዋ።

“ልጄ ናት።”

“ምን ሰጠችዎት?”

ሚዛኑ ወረቀቱን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። “የበሬ ወረቀት ነው።”

“ታዲያ ያንብቡልን እንጂ! የቤቱ ወግ አይደል እንዴ?”

“መነጽሬን…” ብሎ ጀመረ። ተወው። ወረቀቱን ወደ ፋኖሱ ከፍ አድርጎ ያዘና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጉበት በሚያውጅበት ድምፅ አነበበ። “በሬው አምስት ዓመቱ ነው። ጉልበቴን በሬ ረግጦኝ ነው። መንበርከክ አልቻልኩም። ልነግርሽ አፌን ስከፍት መስኮቷን ዘጋሽብኝ…”

አባቷ አንዲት ቃል አልዘለለም። “በሌላ መንገድ” ከሚለው ደረሰ፤ “ፋኖስ እስኪቀየር” ከሚለው ደረሰ። “…ሁለት ዓመት ሙሉ ተንበርክኬ ሳወራሽ ዝቅታው አልታወቀኝም” ብሎ ሲጨርስ ድምፁ ተሰነጠቀ።

“ጋሼ፣” አሉ አክስትየዋ ቀስ ብለው፣ “ወረቀቱን የያዙት ገልብጠው ነው።”

“ቢቃናም ያው ነው።”

እናቷ ከጨጓራው ገንዳ እጇን አወጣች።

“ሚስቴ ናት የምታነብልኝ” አለ ሚዛኑ፣ ማንም ሳይጠይቀው። “ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞን በጉጉት ስንጠብቅ ኖረናል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስለ በሬ ብቻ ሲጽፍ እኛም ሆድ ብሶን ነበር። ልጄ አንድ ቀን ራሷ ትናገራለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ቢላ አስይዤ አሳድጌ፣ አፏን ዘጋሁባት እንዴ ብዬ ሰግቼ ነበር።”

ምላጭ መጋረጃውን ገለጠችው። አልበቃትም። በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ሳበችው፤ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ወለሉ ላይ ተንኳኩ። እጇ እስከ ክርኗ ደም ነው። ከኋላዋ ሙሉ ታፋ ግንዱ ላይ ተጋድሟል፤ ጉበቱ ከመንጠቆው ተንጠልጥሏል።

“እስከ ዛሬ የበላችሁት ሁሉ የዚህ እጅ ነው” አለች። “ሽንጡም፣ ዳቢቱም፣ ለሸንጎው ሽማግሌዎች የሚላከው ፍሪምባም። አማች የሚያስፈልገው ቢላ የሚይዝ ለጠፋበት ቤት ነው፤ እዚህ ቤት አልጠፋም። ቢላውን የሚፈልግ ካለ ሸንጎውን ይዞ ይምጣና ከእጄ ይውሰደው! ሚዛናችሁንም እዚህ ተዉት፤ ከመስኮቷ ስመለስ በሁላችሁም ፊት እቆርጥላችኋለሁ።”

“ኧረ ጉድ!” አሉ አክስትየዋ። “ይህን ሁሉ ሰው ሦስት ዓመት አታላችሁት?”

“ማንን?” አሉ እማማ ጎድን ከበሩ ሥር። “እኔ ግንዱ ባዶ መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅሁት። ሥጋ ያለበት ግንድ እንዲህ አይጮህም።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“ጎድኑ ጥሩ ነዋ!”

ከሰልፈኛው አንዱ እህ ብሎ ሳለ። ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ምላጭ አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው፤ አንድም የገረመው ፊት አልነበረም።

“ይቅርታ፣” አለ የወናፍ አለቃው ልጅ ለግድግዳው፣ “መዞር እችላለሁ? ደም አለ?”

“ሞልቷል” አለች ምላጭ።

“እንግዲያው አልዞርም። ግን እግዜር ይስጥሽ። እኔም ከትናንት ጀምሮ እህል አልወረደልኝም።”

ምላጭ ወደ በሩ ተመለከተች። እስከ መስኮቷ ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ ፋኖስ የሚቀየርበት ሰዓትም አልፏል። ያን ጊዜ ፋኖስ ቀያሪው መሰላሉን ከግድግዳው አንስቶ መሬት ላይ አጋደመና ላዩ ላይ ተቀመጠ።

“ምን ታዪኛለሽ?” አላት። “እኔ ከዚህ ካልተነሳሁ እኩለ ቀን አይሆንም። ቀስ ብለሽ ሂጂ።”

ምላጭ ወጥታ ሄደች። አክስትየዋ የሚዛናቸውን ሣጥን ከደኑ። ክብራቸውን የሚያነሱበት አንድ ነገር ፈልገው ዓይናቸው በቤቱ ዞረና መንጠቆው ላይ አረፈ።

“መቼም ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ባዶ እጄን አልመለስም” አሉ። “ያ ጉበት ይጠቅለልልኝ።”

ሚዛኑ ከባንኮኒው ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ያላደረገውን አደረገ፤ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ እየዳበሰ፣ በእግሩ የበሩን ደፍ ፈልጎ አግኝቶ፣ ደጁ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ወጣ። ጢሙን ሽርጡ ውስጥ ከተተ። ጉሮሮውን ጠረገ።

“በተራራው ሆድ ውስጥ ለምትኖሩ ሁሉ ይታወቅ” አለ። “ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጉበት አልቋል።”

ጉበቱ ከመንጠቆው ላይ ሙሉውን ተንጠልጥሎ ነበር። ሁሉም አየው። “አለ” ያለ ሰው ግን አልነበረም።